ሁለት ሞደሞች ሲተዋወቁ

የኔትወርክ ትምህርት ስንጀምር መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሣጥን በሣጥን ላይ ይደረድራሉ። ከታች ፊዚካል፣ ከዚያ ዳታ ሊንክ፣ ከዚያ ኔትወርክ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ተማሪው ሣጥኖቹን ለፈተና ይሸመድዳቸዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ እነሱም አብረው ያልፋሉ። ለምን ቢባል፣ ዛሬ ስልካችን ዋይ ፋይ ሲያገኝ ራሱ ይገናኛል፤ ከሥር ምን ምን ተደራርቦ እንደተሠራ የሚጠይቀን የለም። እኔም ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ሣጥኖቹ እውነተኛ መሆናቸውን ያሳየኝ ዊንዶውስ 95 የተጫነበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ከጎኑ የተሰካ የዳያል አፕ ሞደም ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ያን ማሽን እንዴት አድርገን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር በስልክ መስመር እንዳገናኘነው፣ ለምን እንዳገናኘነውና ምን እንዳተረፍንበት ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን ላካፍል ወድጃለሁ።

ነገሩ እንዴት መጣ?

በሰፈራችን «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ አሉ። የቀድሞው ሰፈር ለመልሶ ማልማት ከመነሣቱ በፊት የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ከ1990 እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ የእድሩን መዝገብ ከደብተሩ ጎን ለጎን በኮምፒውተር ይይዙ ነበር። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይሠሩበት ከነበረው መሥሪያ ቤት በርካሽ የገዙት ወፍራም ላፕቶፕ ነው። ሰፈሩ ሲነሣ አባላቱ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ገሚሱ ዘመድ ተጠግቶ ቀረ። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ በየወሩ ሰው እየተጠራራ ይሰበሰባል። የጠፋው ደብተሩ ነው። ዕቃ ሲጫንና ሲራገፍ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። አዲሱ ኮሚቴ በ2002 ዓ.ም. አዲስ መዝገብ ከፈተ።

ታዲያ የአንዲት እናት ባለቤት አረፉ። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ቀብር አስፈጽሟል፣ በዚህ በኩል የጎደለ ነገር የለም። ጥያቄ የተነሣው ስለ ገንዘቡ ነው። በደንባቸው መሠረት ሙሉውን ክፍያ የሚያገኘው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በአባልነት የቆየ ሰው ቤተሰብ ነው። በአዲሱ መዝገብ ብቻ ከተቆጠረ ሟቹ ሃያ ዓመት አይሞላቸውም። ኮሚቴው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ «ማስረጃ ያምጡና እንከፍላለን» ነው ያለው። እኚያ እናት ግን ማስረጃው ከደብተሩ ጋር ጠፍቶባቸዋል። ደግሞም ነገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ከመቶ የሚበልጡ አባወራዎች ነገ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ወደ እኛ ቤት መጡ። «ልጄ፣ ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፍለዋል። በእጄ ጽፌዋለሁ። ያለው እዚህ ውስጥ ነው፣ አውጣልኝ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ እንሞክራለን» ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

ለምን ዳያል አፕ?

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግር ሁሉም መጀመሪያ የሚለኝ «ፍላሽ ሰክተህ አትቀዳውም?» ነው። ማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚባል አያውቅም። ሲዲ የለውም። የፍሎፒ ማጫወቻው ዲስኩን ይውጣል እንጂ አያነብም። ከኋላ ያለው ባለ ዘጠኝ ፒን ሴሪያል ፖርት ሁለት ፒኖቹ ተሰብረዋል፤ ስለዚህ በኬብል ማገናኘቱም ቀረ። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ማውጣት ይቻል ነበር። ጋሼ ግን አልፈቀዱም፤ «ከተከፈተ ላይነሣ ይችላል። መጀመሪያ ውስጡ ያለው ይውጣ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አሉ። የላፕቶፑ ማጠፊያ እንደ ደረቀ እንጀራ እየተፈረፈረ ስለነበር ፍርሃታቸው ልክ ነው። የአንዷን እናት ገጽ ከስክሪኑ ላይ በስልክ ፎቶ አንሥተናል፤ ግን የመቶ ሰው የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ በፎቶ አያልቅም።

የቀረው አንድ በር ነው። በላፕቶፑ ጎን ባለው ስንጥቅ ውስጥ የገባች፣ ከመታወቂያ ወረቀት ትንሽ ወፈር የምትል የሞደም ካርድ ነበረች። ጋሼ በ1990ዎቹ ኢሜይል የሚልኩባት ናት። ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ የሚባለው ሶፍትዌርም በዚያን ዘመን ተጭኖ ቁጭ ብሏል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ዊንዶውስ 95 ላይ ሌላ የኔትወርክ ክፍል ልጨምር ብትል ከዲስክ ማምጣት አለብህ፤ እኛ ደግሞ ዲስኩን የሚያነብ የለንም።

ትንሽ ወደ ኋላ

ዛሬ የምንማር ልጆች ሞደም ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን እንደናገራለን። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ የሚያሳልፈውም በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ነው። ሞደም የኮምፒውተሩን ዜሮና አንድ በዚህ ጠባብ በር ወደሚያልፍ ድምፅ ይለውጣል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሞደም መልሶ ዜሮና አንድ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይስ የተባለው ኩባንያ ስማርትሞደምን ሲያወጣ ኮምፒውተሩ ሞደሙን በጽሑፍ የሚያዝበትን ቋንቋ አብሮ አመጣ። ትእዛዙ ሁሉ «ኤ ቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ «ልብ በል» እንደ ማለት ነው። ከዚያ «ዲ» ሲጨመር ደውል፣ «ኤ» ሲጨመር መልስ፣ «ኤች» ሲጨመር ዝጋ ማለት ይሆናል። ይህ ቋንቋ በኋላ በወጡት ሞደሞች ሁሉ ቀጥሏል፤ እኛም የተጠቀምነው እሱኑ ነው።

ሶፍትዌሩም የራሱ ታሪክ አለው። ዊንዶውስ 3.1 ሲወጣ ከኢንተርኔት ጋር የሚያነጋግረው ቲሲፒ/አይፒ የሚባለው ፕሮቶኮል አልነበረውም። ስለዚህ ሰዉ በታዝማኒያ የሚኖረው ፒተር ታታም የጻፈውን ትራምፔት ዊንሶክ የተባለ ፕሮግራም እየጫነ ነበር የሚገናኘው። ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ ኤንቲ ላይ ሪሞት አክሰስ ሰርቪስ የሚባል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1993 አወጣ፤ ሠራተኛው ከቤቱ ደውሎ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ እንዲያገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጣ። ያኔም ቢሆን በራሱ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ቲሲፒ/አይፒን ባለቤቱ ራሱ መርጦ መጨመር ነበረበት።

በአገራችን ከሙሉ ኢንተርኔት በፊት በአዲስ አበባ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፊዶኔት አማካይነት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀምና በተወሰነ ሰዓት ስልክ ተደውሎ በአንድ ላይ ይላካል፤ የመጣውም እንዲሁ ይወሰዳል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1997፣ በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ቤቱ ሆኖ ኢንተርኔት የሚያገኝ ሰው በስልክ መስመሩ ነበር የሚደውለው። ጋሼ እንደሚያጫውቱን፣ እሳቸው ኢሜይል እየላኩ ሳለ ከሳሎን ሌላኛውን ስልክ የሚያነሣ ሰው ካለ መስመሩ ተበላሽቶ ይቋረጣል። «ስልክ እንዳትነኩ!» የሚለው ጩኸት የቤቱ ሕግ ሆኖ ነበር።

ማዋቀሩ

እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሥራውን ከሁለት ወገን ጀመርነው። በአንድ ወገን የጋሼ ላፕቶፕ፣ በሌላው ወገን ሊኑክስ የተጫነበት የእኛ ላፕቶፕ ሆነ። ለእኛ ወገን ከዲፓርትመንቱ ዕቃ ክፍል በአቧራ የተሸፈነ የጠረጴዛ ሞደም በፊርማ ተዋስን። እሱ በሴሪያል ገመድ ስለሚሠራ ከመርካቶ ከዩኤስቢ ወደ ሴሪያል የሚቀይር አስማሚ ገዛን። ስልክ ደግሞ? የውጪ መስመር አያስፈልገንም ነበር። በሕንፃችን የውስጥ ስልክ ማዞሪያ አለ፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሦስት አኃዝ በመጫን ይደወላል፣ ሒሳብም አይቆጥርም። የቢሮዋ ጸሐፊ እትዬ በምሳ ሰዓት ሁለት መስመር ሊያውሱን ፈቀዱ። «ስልኬን ብትሰብሩ ግን ወዮላችሁ!» ማለታቸው አልቀረም።

በሊኑክሱ ላይ ሁለት ፕሮግራም አዘጋጀን። አንዱ ኤም-ጌቲ ይባላል፤ ሞደሙ ሲጠራ የሚያነሣው እሱ ነው። ሌላው ፒፒፒዲ ነው፤ ስልኩ ከተነሣ በኋላ የኔትወርኩን ግንኙነት የሚመሠርት። ለራሳችን 192.168.50.1፣ ለጋሼ ማሽን 192.168.50.2 የሚል የአይፒ አድራሻ መደብን። አንድ ዩዘር ኔምና አንድ ፓስወርድም በፋይል ጻፍን።

በጋሼ ማሽን ላይ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ ምናልባት የእንደዚህ ዓይነት ማሽን ባለቤት የሆነ አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል።

አንደኛ፣ ኮንትሮል ፓኔል ገብተን ሞደሙ በየትኛው ኮም ፖርት ላይ እንዳለ አየን። ይህ በአሮጌ ማሽን ላይ ተራ ነገር አይደለም። ኮም 1 እና ኮም 3 አብዛኛውን ጊዜ አንድ የማቋረጫ መስመር ይጋራሉ፤ ኮም 2 እና ኮም 4ም እንዲሁ። ማውስ ኮም 1 ላይ ሞደም ኮም 3 ላይ ከሆነ፣ ማውሱን ስታንቀሳቅስ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል። የጋሼ ሞደም ኮም 2 ላይ ብቻውን ስለነበር ከዚህ ተገላገልን።

ሁለተኛ፣ የኔትወርክ መስኮቱን ከፍተን ዳያል አፕ አዳፕተርና ቲሲፒ/አይፒ መኖራቸውንና የተያያዙ መሆናቸውን አረጋገጥን።

ሦስተኛ፣ ጋሼ ድሮ የፈጠሩትን የግንኙነት ምስል ከፈትን። የከተማው ኮድ ላይ 1 ተጽፏል። የአዲስ አበባ ኮድ 01 ነበር፤ 011 የሆነውና ስልኩም ከስድስት ወደ ሰባት አኃዝ ያደገው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የድሮውን ቁጥር በወረቀት ይዘን ኮዱን አጠፋንና በምትኩ የውስጥ ስልኩን ሦስት አኃዝ ጻፍን።

አራተኛ፣ የሰርቨሩ ዓይነት ፒፒፒ መሆኑን አይተን፣ ኔትቢዩአይንና አይፒኤክስን አስወጥተን ቲሲፒ/አይፒን ብቻ አስቀረን። የማይፈለግ ፕሮቶኮል ካለ ማሽኑ ስለ እሱም ልደራደር እያለ ጊዜ ይፈጃል።

አምስተኛ፣ መደወል! ላፕቶፑ ግን «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ቀፎውን አንሥተን ብናዳምጥ ድምፁ አለ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የውስጥ ማዞሪያው ድምፅ ሞደሙ ከሚያውቀው የተለየ ነው፤ የሚያውቀውን እየጠበቀ ነው። በሞደሙ ማስተካከያ ውስጥ «ከመደወልህ በፊት ድምፅ ጠብቅ» የሚለውን ምልክት አነሣነው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ለሞደሙ «ኤክስ 3» የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ ድምፁን ሳትጠብቅ ደውል ማለት ነው።

ሰላምታው

ከዚያ ያ የታወቀው ጩኸት መጣ። ጓደኛዬ ከፊልም ላይ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ጋሼ ግን ዓይናቸው በራ፤ «ይኸው! ይኸው!» አሉ፣ የጠፋ ዘመዳቸውን ድምፅ እንደሰማ ሰው።

ጩኸቱ ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም። መጀመሪያ ስልኩን ያነሣው ሞደም 2100 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ «እኔ ሰው አይደለሁም፣ ሞደም ነኝ» ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሁለቱ የትኛውን የሞደም ስምምነት እንደሚያውቁ ይጠያየቃሉ። ከዚያ መስመሩ የትኛውን ድምፅ በደንብ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛውን እንደሚያደክም ይፈትሻሉ። በመጨረሻ በሁለቱም አቅም ልክ የሆነውን ፍጥነት ይመርጣሉ። የእኛ 28,800 ቢት በሰከንድ ላይ ተስማማ፤ የጋሼ ካርድ ከዚያ በላይ አይችልም። ከውጪ ያመጣነው ሞደም 33,600 ይችላል፤ ግን ፈጣኑ ለዘገምተኛው ዝቅ ይላል እንጂ ዘገምተኛው ለፈጣኑ መንጠራራት አይችልም።

ስልኩ ተገናኘ ማለት ኔትወርኩ ተገናኘ ማለት አይደለም። ሰሌዳ ላይ ያየናቸው ሣጥኖች እዚህ ላይ ነው ነፍስ የዘሩልኝ። ሞደሞቹ ዝም ሲሉ ፒፒፒ ይጀምራል። ፒፒፒ እ.ኤ.አ. በ1994 በአርኤፍሲ 1661 የተደነገገ ነው፤ ሥራውም ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ እንዴት እንነጋገር የሚለውን ይጨርሳሉ፤ ቀጥሎ አንተ ማነህ ይባባላሉ፤ በመጨረሻ አድራሻ ይሰጣጣሉ።

በሊኑክሱ ስክሪን ላይ ይህ ንግግር መስመር በመስመር ይታያል። አንዱ ሐሳብ ያቀርባል። ሌላው ከሦስት አንዱን ይመልሳል፦ «ተስማምቻለሁ»፣ ወይም «ሐሳቡን አውቀዋለሁ፣ ግን በዚህ ይሁንልን»፣ ወይም «ይህን አላውቀውም፣ ይቅር»። የሽምግልና ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል። ማንም ማንንም አያዝም፤ ሁለቱም «ተስማምቻለሁ» እስኪሉ ድረስ አንዲት የመዝገብ ገጽ እንኳ አታልፍም።

የእኛም ሽምግልና በሁለተኛው ደረጃ ላይ ተሰናከለ። ላፕቶፑ «ዩዘር ኔምና ፓስወርድ በመረጋገጥ ላይ» ይልና ይቋረጣል። እንደገና ብንደውል ያው ነው። ሦስት ጊዜ ተደወለ፤ የእትዬ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነው። ምክንያቱን ያገኘነው የሊኑክሱን ስክሪን በማንበብ ነው። የእኛ ማሽን «ፓስወርድህን በፓፕ ንገረኝ» ይላል። ፓፕ ፓስወርዱን እንዳለ፣ ሳይሸፍን በመስመሩ ላይ የሚያስተላልፍ ነው። በጋሼ ማሽን ላይ ደግሞ «ፓስወርዴን ሸፍኜ ካልሆነ አልሰጥም» የሚል ምልክት በርቷል። አሮጌው ማሽን እምቢ ያለው ምስጢሩን በአደባባይ አልናገርም ብሎ ነው!

ምልክቱን አጥፍተን ማለፍ እንችል ነበር። ግን ጓደኛዬ «አሮጌውን ለምን እንነካካዋለን? እኛ እንቀየርለት» አለ። ትክክል ነበር። በሊኑክሱ ላይ ፓፕን በቻፕ ተካነው። በቻፕ ጠያቂው አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ተጠያቂው ያንን ከፓስወርዱ ጋር ቀላቅሎ ያሰላና ውጤቱን ብቻ ይመልሳል። ፓስወርዱ ራሱ በመስመሩ አያልፍም። በአራተኛው ጥሪ ተስማሙ። ከላፕቶፑ ሆነን ፒንግ ብንል 192.168.50.1 መለሰ።

ፋይሉ መጣ፤ ፊደሉ ግን…

ዊንዶውስ 95 ቲሲፒ/አይፒ ካለው ኤፍቲፒ የሚባል የፋይል ማስተላለፊያ በጥቁሩ የዶስ መስኮት ውስጥ ይገኛል። እሱን ለመጠቀም ሁለት ትእዛዝ መርሳት አይገባም። አንደኛው «ባይነሪ» ነው፤ ያለዚያ ኤፍቲፒ ፋይሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ያበላሸዋል። ሁለተኛው «ሃሽ» ነው፤ በየ2048 ባይቱ አንድ የመሰላል ምልክት በስክሪኑ ላይ ያትማል፤ ሥራው መሄዱን በዓይን ታያለህ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና ምልክቶቹን እንደ መቁጠሪያ ይቆጥሩ ጀመር።

ጠቅላላው ስድስት ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ የሚወስደው ያህል ማለት ነው። በሰከንድ ሦስት ኪሎ ባይት ገደማ እየሄደ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። እትዬ ከምሳ ሲመለሱ አላለቀም ነበር። ሆኖም ነገሩን ሰምተው ስለነበር «ጨርሱ፣ ጨርሱ፣ የሰው እንባ አለበት» ብለው ሻይ ይዘው ቁጭ አሉ። ሲያልቅ ጥቂቶቹን ፋይሎች ወደ ላፕቶፑ መልሰን በሌላ ስም አስቀመጥንና «ኤፍሲ» በሚባለው የዶስ ትእዛዝ ከዋናው ጋር አስተያየናቸው። ልዩነት የለም አለ።

በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍታቸው ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ ስሙ ሁሉ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ጓደኛዬ ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ደነገጠ። አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በፈረንጅ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ አቀማመጡም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የፈረንጁን ቁጥር ነው፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን አምጥቶ ፎንቱን መተው፣ ሰም ወስዶ ወርቁን ጥሎ እንደ መሄድ ነው። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት እንደገና ደወልንና የፎንት ፋይሎቹን አመጣን። ሲጫኑ ያ ሁሉ ምልክት ወደ ሰው ስም ተለወጠ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ታች ሲያነቡ፣ ካነበቧቸው ከግማሽ የማያንሱት ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዱን «ነፍስ ይማር» እያሉ ነው ያለፉት።

በኮሚቴው ፊት

የሟቹ ስም ከ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወር ጀምሮ አለ። በ1994 ዓ.ም. አራት ወር አቋርጠዋል፤ በአምስተኛው ወር ውዝፉን ከነቅጣቱ ከፍለዋል። ጋሼ ይህንንም ሳይሸፍኑ ነው የጻፉት።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ተገቢ ጥያቄ አነሡ። «ኮምፒውተር ላይ ያለን ነገር ማንም ዛሬ ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ይህ የድሮ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉ። እውነት ነው። የፋይሉ ቀን አለ ብንል፣ ቀን ሊቀየር እንደሚችል ማንኛችንም የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪ እናውቃለን። መልሱ የመጣው ከኮምፒውተር አልነበረም። በጋሼ ሰንጠረዥ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥር የሚጻፍበት ረድፍ አለ። እኚያ እናት ከባለቤታቸው ኪስ ቦርሳ ውስጥ ያገኙት አንድ የተቀዳደደ ደረሰኝ ነበራቸው፤ የዚያው የ1994 የውዝፍ ክፍያ ነው። ቁጥሩ ተመሳከረ፤ አንድ ሆነ። ሌሎች ሁለት አባላትም ከቤታቸው የድሮ ደረሰኝ አምጥተው አስተያዩ፤ እነሱም ልክ ሆኑ። ኮሚቴው ከዚህ በኋላ የሁሉንም አባል የድሮ ዘመን ቆጥሮ በአዲሱ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ወሰነ። እኚያ እናትም ሙሉውን ክፍያ አገኙ።

ምን እንማራለን?

ዳያል አፕ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው። በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን በዳያል አፕ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው ኤኦኤል እንኳ ይህን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ዘግቷል። ማንም ወደዚያ ይመለስ አልልም፤ በሰከንድ ሦስት ኪሎ ባይት የሚናፍቅ ሰው ያለም አይመስለኝም። ሆኖም ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር ይዤ ወጥቻለሁ።

አንደኛ፣ የተማርናቸው ሣጥኖች ችግር የት እንዳለ መፈለጊያ ናቸው። የመደወያ ድምፁ፣ ፓስወርዱና ፎንቱ ሦስት የተለያዩ እንቅፋቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱም በራሱ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሁሉንም «ኮምፒውተሩ አልሠራም» ብለን ብንጠቀልለው ኖሮ ዛሬም እንደዚያው በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር።

ሁለተኛ፣ አሮጌና አዲስ ሲገናኙ መቀየር የሚችለው አዲሱ ነው። አሮጌው የሚያውቀውን ያውቃል፤ ሌላ ልጫንብህ ቢሉት ዲስክ አያነብም። እኛ ግን ቻፕን መጨመር ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው የፈጀብን። ይህ ለሶፍትዌር ሠሪ ሁሉ የሚሆን ነው፤ ነገ የምንሠራው ሲስተም ትናንት የተጻፈውን መቀበል ካልቻለ ጥፋቱ የትናንቱ አይደለም።

ሦስተኛው ለዲፓርትመንታችን ነው። በዕቃ ክፍላችን ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተሮች ተደራርበው ይገኛሉ። በየመሥሪያ ቤቱና በየእድሩም እንደዚሁ ነው። «ይወገድ» ተብሎ ከመፈረሙ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ አንድ ሰው ይመልከተው። የሚሠራ ሞደም፣ ሴሪያል ገመድ፣ የፍሎፒ ማጫወቻ፣ የድሮ የአማርኛ ፎንቶች ካሉ በአንድ ሣጥን ተሰብስበው ይቀመጡ። የጥገና ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎችም አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሽን ቢሰጣቸው ብዙ ያተርፋሉ ብዬ አምናለሁ። እኛ ያዋቀርነውን ቅደም ተከተል በወረቀት አድርገን ለላብ ኃላፊው ሰጥተናል፤ የሚፈልግ ተማሪ ከእሳቸው ማግኘት ይችላል። የተዋስነውንም ሞደም አቧራውን ጠርገን፣ በፊርማ መልሰናል።

ቸር ይግጠመን።